ስልሳ ጎብኚ አበቦች

[ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ ወደ መልካሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር። ሰባት ሰዓት አልፏል። ነፋሱ ያው የአዳማ ነፋስ ነው፤ አቧራውን ከዚህ አንሥቶ እዚያ ያደርሰዋል፣ የረሳው ነገር እንዳለ ሁሉ መልሶ ያመጣዋል። አንድ ትልቅ ሰሌዳ «ይህ መሬት የሕዝብ ነው» ይላል። ከሰሌዳው ፊት ለፊት ስልሳ ጉድጓዶች አሉ፣ በየጉድጓዱ አፍ ላይ ደግሞ አንድ አንድ አበባ ከነማሰሮው ተቀምጧል። አቶ ዘካርያስ የሕዝብ መሬት ተቆርቋሪዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ባርኔጣ ደፍተዋል፣ ሁሉንም ያውቃሉ። ጆቴ የመሬቱ ጥበቃ ነው፤ አቶ ዘካርያስ እንደሚሉት ከሆነ ምንም አያውቅም። አሁን ሰሌዳው ሥር ተቀምጦ ትልቅ መዝገብ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል።]

ዘካርያስ፦ ቆይ ቆይ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?

ጆቴ፦ ጎብኚ።

ዘካርያስ፦ አበባውን?

ጆቴ፦ ኤዬ። ቁጥር አንድ፣ ጎብኚ። ቁጥር ሁለት፣ ጎብኚ። ሦስተኛዋ ላይ ነኝ።

ዘካርያስ፦ ችግኝ በል ነው ያልኩህ! ስልሳ ችግኝ ገባ ብለህ ጻፍ፣ አለቀ!

ጆቴ፦ ጋሼ፣ እነዚህ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ሆቴላቸው ይመለሳሉ አላሉኝም?

ዘካርያስ፦ ብያለሁ። ማታ ሰርግ አለባቸው።

ጆቴ፦ እንግዲያው የሚመለስ ጎብኚ ነው፤ ችግኝ የሚባለው የሚቀረው ነው። መዝገቡ ራሱ «የመመለሻ ሰዓት» የሚል ዓምድ አለው። ይግባ ያሉት እርስዎ ነዎት።

ዘካርያስ፦ እሱን ያስገባሁት ለሰው ነው!

ጆቴ፦ ለሰው ብቻ የሚል አልተጻፈበትም። ለነገሩ እዚህ ከሆነ የሚቆሙት፣ መመዝገብም አያስፈልጋቸውም ነበር።

ዘካርያስ፦ እዚህ ካልሆነ የት ሊቆሙ ኖሯል? ሰማይ ላይ?

ጆቴ፦ የለም፣ ሰማይ ሳይሆን ትንሽ ወዲያ—

ዘካርያስ፦ ዝም በልና ስማኝ! ስምንት ሰዓት ላይ የከተማው ኮሚቴ ይመጣል። አንድ ባለሀብት ይህን አራት ሄክታር ለመጋዘን ስጡኝ ብሏል። ኮሚቴው ባዶ ሆኖ ካገኘው ይሰጠዋል፣ የለማ ሆኖ ካገኘው ለሕዝብ ይተወዋል። ገባህ? አራት ዓመት የተሟገትኩለት መሬት ነው። አሥራ ዘጠኝ ስብሰባ! ላንጋኖ ሄጄ፣ ሐዋሳ ሄጄ፣ ቢሾፍቱ ሄጄ! ስለዚህ መሬት ያልተናገርኩበት የሐይቅ ዳር ሆቴል የለም።

ጆቴ፦ እዚህ ግን አንድም ቀን አልተሰበሰቡም።

ዘካርያስ፦ እዚህ አዳራሽ አለ? ፕሮጀክተሩን ግመል ላይ ላስቀምጠው?

ጆቴ፦ እኔንም የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው። የሰፈራችን ሰው ለከብቱ ሣር የሚያጭደው ከዚያ ነው። ለመጋዘን ከተሰጠ ከብቱም ያልቃል፣ እኔም ከሥራ እወጣለሁ።

ዘካርያስ፦ ከብት አታንሣብኝ። ይልቅ እሱን ተወውና፣ በየክረምቱ የተከልናቸው ችግኞች የት ገቡ? አራት ክረምት ሙሉ!

ጆቴ፦ ተሻገሩ።

ዘካርያስ፦ ማን?

ጆቴ፦ ችግኞቹ። ማዶ ተሻገሩ።

ዘካርያስ፦ ችግኝ እግር አለው?

ጆቴ፦ የለውም። እኔ አለኝ።

[አቶ ዘካርያስ ቀና ብለው ሰማዩን ያያሉ። ለዚህ ሰው አራት ዓመት ደመወዝ መፈረማቸው በዚህች ደቂቃ እውነትም አንገበገባቸው።]

ዘካርያስ፦ በቃ፣ ከተጠየቅህ ፍየል በላው በል። ሪፖርቱም እንደዚያ ነው የሚለው። የመጀመሪያው ዓመት ፍየል፣ ሁለተኛው ድርቅ፣ ሦስተኛው ነፋስ።

ጆቴ፦ አራተኛውስ?

ዘካርያስ፦ የግንዛቤ እጥረት።

ጆቴ፦ እሱ እንኳ እውነት ነው።

ዘካርያስ፦ አየህ፣ ስትፈልግ ይገባሃል። በል እንግዲህ፣ ማሰሮዎቹን ጉድጓድ ውስጥ አስገባና አፋቸውን በአፈር ሸፍን። ከዚህች ጀምር።

ጆቴ፦ ይቺ ሰባተኛዋ ናት። ወይ ይቺ ጉድጓድ! አራት ትልልቅ ሰዎች ተክለውባታል፣ በየዓመቱ አንድ አንድ። ሁሉም ፎቶ ተነሥተውባታል። ከእኔ ይልቅ ሰው ታውቃለች።

ዘካርያስ፦ ታዲያ የተቆፈረ ጉድጓድ እያለ ለእንግዳ አዲስ ይቆፈራል? ይልቅ የሥራ ሰው ማየት ከፈለግህ ማዶውን እይ። ከሸለቆው ባሻገር ያ ጥቅጥቅ ያለው አረንጓዴ ይታይሃል?

ጆቴ፦ ይታየኛል።

ዘካርያስ፦ የማን እንደሆነ ታውቃለህ?

ጆቴ፦ አውቃለሁ እንጂ፣ የ—

ዘካርያስ፦ አታውቅም! የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። አራት ዓመት ከመኪና ውስጥ ሳየው ኖሬያለሁ፣ ያስታውቃል። የጥንት ደን! አባቶች ያቆዩት!

ጆቴ፦ ኒምና ሽፈራው ነው። ግራርም አለበት።

ዘካርያስ፦ የጥንት ኒም ነዋ! እነዚያ ጥበቃ አላቸው፣ ይሰማሃል? ውኃ ተሸክሞ የሚያጠጣ፣ ፍየል የሚያባርር፣ ሳይነግሩት የሚሠራ። ያ ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ሄጄ ግንባሩን እስመው ነበር።

ጆቴ፦ [አንገቱን ደፍቶ] ገለቶማ፣ ጋሼ።

ዘካርያስ፦ አንተን ማን አመሰገነ?

[ጆቴ ይነሣል። ጀሪካኑን አንሥቶ አበቦቹን በየተራ ያጠጣል፣ ባጠጣ ቁጥር መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ይሞላል። አንዷ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ያያታል፣ ያሸታታል።]

ጆቴ፦ ጋሼ፣ ይቺ ውኃ አልጠጣ አለች።

ዘካርያስ፦ እሷ አትጠጣም።

ጆቴ፦ አሟታል እንዴ?

ዘካርያስ፦ ፕላስቲክ ናት! ሆቴሉ ያለው ሃምሳ ስምንት ብቻ ነበር፣ ሁለቱን ከእንግዳ መቀበያው አነሡልኝ። ከጠየቁህ ድርቅ የሚቋቋም ዝርያ ነው በል።

ጆቴ፦ ከመልካሳ እርሻ ምርምር የመጣ ነው ልበል?

ዘካርያስ፦ መልካሳን እንዳትጠራ! እዚያ የሚያውቁ ሰዎች አሉ።

ጆቴ፦ እሺ። እግረ መንገድዎን ይቺን ወረቀት ቢፈርሙልኝ። ስለ መግቢያው ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው—

ዘካርያስ፦ አምጣ አምጣ፣ ዙር።

[ጆቴ ጀርባውን ይሰጣል። አቶ ዘካርያስ ጀርባውን ጠረጴዛ አድርገው «ታይቷል፤ ይፈጸም» ብለው ይፈርማሉ። አቶ ዘካርያስ ወረቀት አያነቡም ማለት ስማቸውን ማጥፋት ነው። ራሳቸው የጻፉትን ሁለት ሦስት ጊዜ ያነባሉ።]

ጆቴ፦ አላዩትም እኮ።

ዘካርያስ፦ «ታይቷል» ብዬ የፈረምኩት ምን ሆኜ ነው? ሃያ ስድስት ዓመት ሥራ ላይ ኖሬያለሁ፣ ወረቀት አነባለሁ ብል እስካሁን አንዱንም አልጨርስም ነበር።

[ከባድ ጡሩንባ። ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ከአስፋልቱ ወርዶ፣ አቧራውን እየገፋ ወደ አበቦቹ ይመጣል።]

ዘካርያስ፦ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?

ጆቴ፦ ኑሬ ነው፣ የባለመኪናው የአቶ ሙሉብርሃን ሾፌር። ከሻሸመኔ መግባቱ ነው፣ መኪናውን ሊያቆም።

ዘካርያስ፦ የት?

ጆቴ፦ እዚሁ። ሁልጊዜም የሚያቆመው እዚሁ ነው። ጋሼ፣ ስለዚህ ቦታ ልነግርዎት የፈለግሁት እኮ—

ዘካርያስ፦ ወረራ! ዓይኔ እያየ! የሕዝብ መሬት ላይ ተሳቢ!

[አቶ ዘካርያስ ሮጠው ከመኪናው ፊት በጀርባቸው ይተኛሉ። መኪናው ድሮውንም ቆሟል። በስብሰባ ላይ «በሕይወታችን እንጠብቀዋለን» ሲሉ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጨብጭቦላቸዋል፤ መሬቱ እንዲህ እንደሚፋጅ ግን ማንም አልነገራቸውም።]

ዘካርያስ፦ ሬሳዬን ሳይረግጥ አያልፍም በለው!

ጆቴ፦ [ወደ መኪናው ሄዶ ይመለሳል] ነገርኩት።

ዘካርያስ፦ ምን አለ? ደነገጠ?

ጆቴ፦ ምሳውን እየበላ ነው። ስጨርስ ይነሡልኛል ወይ ብሏል። ደግሞ መሬቱ ያቃጥላቸዋል ብሎ ይቺን ካርቶን ሰጠኝ።

ዘካርያስ፦ የወራሪ ካርቶን አልነካም! [ጀርባቸውን ከመሬቱ ቀና አድርገው] ከወገቤ በታች አንጥፈው። ከዚያ ፎቶ አንሣኝ።

ጆቴ፦ ቆመው ነው ወይስ እንደተኙ?

ዘካርያስ፦ እንደተኛሁ! ተኝቼ እየታገልኩ! [ጆቴ ያነሣቸዋል።] መኪናው ገብቷል?

ጆቴ፦ መኪናው ገብቷል። እርስዎ አልገቡም።

[ፀሐዩ አናት ይበሳል። አቶ ዘካርያስ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ይከድናሉ። በዚህ መሐል ሁለት ባጃጅ መጥቶ ሰሌዳው ጋ ይቆማል። አምስት ሰዎች ይወርዳሉ፣ ከእነሱ አንዷ ሴት በአንድ እጇ ደብተር፣ በሌላው ስልክ ይዛለች። ስልኳን እያየች ወደ ሸለቆው ትጠቁማለች። አቶ ዘካርያስ ባርኔጣቸው ሥር ሆነው የሚሰሙት ኮቴ ብቻ ነው።]

ዘካርያስ፦ ማን ነው እሱ?

ጆቴ፦ አምስት ሰዎች ናቸው፣ በባጃጅ የመጡ። ማዶ መሻገር ፈልገዋል። እኔማ ኮሚቴው ይሆናሉ ብዬ—

ዘካርያስ፦ [ባርኔጣው ሥር እየሳቁ] ኮሚቴ በባጃጅ! ጆቴ፣ ጆቴ! ኮሚቴ የሚመጣው በነጭ ላንድክሩዘር ነው፣ ያውም በሦስት። ሁለቱ ሰው ይጭናሉ፣ ሦስተኛው የታሸገ ውኃ። እነዚህ ማዶ የሚሄዱ ተሳላሚዎች ይሆናሉ። አስፈርምና አሳልፋቸው።

ጆቴ፦ ላናግርዎት ቢሉስ?

ዘካርያስ፦ ትግል ላይ ነኝ! [ባርኔጣውን ሳያነሡ ይጮኻሉ] እናንተ! አቧራ አታስነሡ! ኮሚቴ እየጠበቅን ነው!

[አምስቱ ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። ጆቴ መዝገቡን ዘርግቶ ያስፈርማቸዋል፣ በእጁም መንገዱን ያሳያቸዋል። ሴትዮዋ የተኙትን ሰውዬ ዞር ብላ እያየች ትሻገራለች። ስምንት ሰዓት ይሆናል። ስምንት ተኩልም ያልፋል። ነጭ መኪና የለም። ኑሬ ምሳውን ጨርሶ መሪው ላይ ተደፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። በመጨረሻ የአቶ ዘካርያስ ስልክ ይጮኻል። ከካርቶኑ ላይ ቀና ብለው ያነሡታል፣ ድምፁም ጎልቶ ይሰማል።]

ዘካርያስ፦ ሃሎ! የሕዝብ መሬት ተቆርቋሪዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ዘካርያስ ነኝ።

ሑስና፦ [በስልክ] አቶ ዘካርያስ፣ ሑስና እባላለሁ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ። ምነው ቀሩብን? ከስምንት ሰዓት በፊት ጀምሮ እየጠበቅንዎት ነው።

ዘካርያስ፦ እኔ? እኔማ ቦታው ላይ ነኝ!

ሑስና፦ እኛም ቦታው ላይ ነን።

[አቶ ዘካርያስ ዘለው ይነሣሉ። ዙሪያቸውን ያያሉ። ስልሳ አበባ፣ አንድ መኪና፣ አንድ ጆቴ።]

ዘካርያስ፦ አልታያችሁኝም።

ሑስና፦ ጥላ ውስጥ ስለሆንን ይሆናል። ዛፍ ስንቆጥር ስምንት መቶ ሰባ ላይ ደከመንና ተቀመጥን።

ዘካርያስ፦ የምን... ዛፍ?

ሑስና፦ የእናንተ ነዋ! ካርታው ቀጥ አድርጎ ከሸለቆው ማዶ አመጣን። እውነቱን ልንገርዎት፣ ባዶ መሬት ነው ተብለን ነበር የመጣነው። አፈርን። የመጋዘኑን ጥያቄ ውድቅ አድርገነዋል፣ መሬቱ የሕዝብ ሆኖ ይቆያል። የቀረው በቃለ ጉባኤው ላይ የእርስዎ ፊርማ ነው። እዚሁ መሬቱ ላይ መፈረም አለበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ እንነሣለን። ከዚያ ካለፈ ጉዳዩ እንደገና ይከፈታል።

ዘካርያስ፦ መጣሁ! አሁኑኑ መጣሁ!

ሑስና፦ ሲመጡ ግን ይጠንቀቁ። አስፋልቱ ዳር፣ የአቶ ሙሉብርሃን የመኪና ማቆሚያ ላይ አንድ ሰውዬ ካርቶን አንጥፎ መኪና ፊት ተኝቷል። ዙሪያውን አበባ ደርድሯል፣ ምስኪን። እኛንም አቧራ አታስነሡ ብሎ ጮኸብን። ያውቁታል?

[አቶ ዘካርያስ ካርቶኑን ያያሉ። አበቦቹን ያያሉ። ጆቴን ያያሉ።]

ዘካርያስ፦ እ... እሱ... ጎብኚ ነው።

[ስልኩ ይዘጋል።]

ዘካርያስ፦ ጆቴ። ይሄ መሬት የማን ነው?

ጆቴ፦ የአቶ ሙሉብርሃን። ካርታ አላቸው።

ዘካርያስ፦ እኛ አራት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ማቆሚያ ላይ ነው የተከልነው?

ጆቴ፦ የመጀመሪያው ቀን ሸለቆው ጭቃ ነበር። እንግዶቹ ጫማቸውን ሳሱለት፣ እርስዎም «እዚሁ ይሁን» አሉ። ሰሌዳውም እዚሁ ተተከለ። ስልሳውን ተከሉና ምሳ ደረሰ፣ የቀረው ሁለት መቶ አርባ ችግኝ እንደተጫነ ቀረ። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ሁሉንም አሻግሬ ማዶ ተከልኩት።

ዘካርያስ፦ አቶ ሙሉብርሃንስ ዝም አሉ?

ጆቴ፦ ፎቶ ብቻ ነው፣ ከምሳ በፊት ይሄዳሉ አልኳቸው። ደግ ሰው ናቸው።

ዘካርያስ፦ እና ለእኔ አትነግረኝም?

ጆቴ፦ ስደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ በጽሑፍ አቅርብ» አሉኝ። አቀረብኩ። [ከመዝገቡ መሐል አራት ወረቀት ያወጣል።] «ችግኞቹ ያሉት በሰው ቦታ ስለሆነ ወደ ማዶ ላሻግራቸው ወይ?» ይላል። አራቱም ላይ የእርስዎ እጅ አለበት። ታይቷል፤ ይፈጸም።

[አቶ ዘካርያስ አራቱንም ወረቀቶች ያነባሉ። ዛሬ ገና ማንበባቸው ነው። ቀና ብለው ማዶውን ያያሉ፤ «የጥንቱ ደን» ቅጠሉን እያርገበገበ ቆሟል። መሬቱ በመትረፉ ደስ አላቸው፣ በራሳቸው ደግሞ አፈሩ። ሁለቱ እኩል መጡባቸውና ፊታቸውን ምን እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ቀስ ብለው ወደ ጆቴ ይጠጉና ግንባሩን ይስሙታል።]

ጆቴ፦ ይሄ ለምንድን ነው?

ዘካርያስ፦ ቃል ገብቼ ነበር። [ሰዓታቸውን አይተው ይደነግጣሉ] ሩብ ጉዳይ! በየት በኩል ነው የሚኬደው? ተነሥ፣ አሻግረኝ!

ጆቴ፦ አሻግርዎታለሁ። መጀመሪያ ይመዝገቡ።

ዘካርያስ፦ እኔ?

ጆቴ፦ ቅድም ጀርባዬ ላይ የፈረሙት ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሆኑ፣ ሳይመዘገብ እንዳይሻገር።» ታይቷል፤ ይፈጸም።

ዘካርያስ፦ ጆቴ፣ በናትህ፣ መሬቱ ሊሄድብን ነው!

ጆቴ፦ ከተቻኮልን ይደርሳል። ስም?

ዘካርያስ፦ ዘካርያስ! ታውቀኝ የለም እንዴ!

ጆቴ፦ የመጡበት ምክንያት?

ዘካርያስ፦ መሬቱን... ለመጠበቅ።

ጆቴ፦ እሱን እኔ ይዤዋለሁ። ሌላ?

ዘካርያስ፦ [ድምፃቸው ዝቅ ብሎ] ለመፈረም።

ጆቴ፦ ከዚህ በፊት መሬቱን ረግጠውት ያውቃሉ?

[አቶ ዘካርያስ ጫማቸውን ያያሉ።]

ዘካርያስ፦ አላውቅም።

ጆቴ፦ የመመለሻ ሰዓት?

ዘካርያስ፦ አሥራ አንድ። አበቦቹን ሰርጉ ላይ ማድረስ አለብኝ።

ጆቴ፦ [እየጻፈ] ቁጥር ስልሳ ስድስት፣ አቶ ዘካርያስ። ጎብኚ። እዚህ ጋ ይፈርሙ።

[አቶ ዘካርያስ እስክሪብቶውን ይቀበላሉ። ሊፈርሙ ሲሉ፣ ከዛሬ በኋላ ሳያነቡ ላይፈርሙ ለራሳቸው ቃል ገብተው ነበርና፣ ገጹን ከላይ ጀምረው ያነባሉ። ፊታቸው ይለዋወጣል።]

ዘካርያስ፦ ጆቴ! ከፕላስቲኳ በታች ነው እንዴ የጻፍከኝ?

ጆቴ፦ ምን ላድርግ ጋሼ፣ እሷ ቀድማ ተመዘገበች።